ቅባት፣ ብርሃን ወይስ ኪኒን? በመሀል አዲስ አበባ ለሥር የሰደደ የቆዳ ሕመም ሕክምና ለሚመርጡ

ሶርያሲስ (ቆዳው ወፍሮ ቅርፊት የሚያወጣበት ሕመም)፣ ለምጽ ወይም ለዓመታት የቆየ ችፌ ያለበት ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው መድኃኒት ይሻላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ለእነዚህ ሕመሞች ሆስፒታል ሳይተኙ በተመላላሽነት የሚሰጡት ሕክምናዎች ሁሉ፣ ቅባቱም ሆነ ብርሃኑ፣ ኪኒኑም ሆነ መርፌው፣ የሚሠሩት ለሳምንታትና ለወራት ሳይቋረጡ ሲወሰዱ ስለሆነ፣ «የትኛውን እስከ መጨረሻው ልዘልቀው እችላለሁ?» የሚለው ጥያቄ ከፊተኛው እኩል ክብደት አለው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሶርያሲስ ክርኔና ጉልበቴ ላይ ጀምሮ ወደ ጀርባዬ ከተስፋፋ ወዲህ ሦስቱንም መንገዶች በየተራ የሞከርሁ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ተቀምጬ የምውል ታካሚ ነኝ። የብርሃን ሕክምናን ሁለት ጊዜ ጀምሬ የመጀመሪያውን ያበላሸሁት ሕክምናው ስለደከመ ሳይሆን መንገዱ ስላሰለቸኝ በመሆኑ፣ ንጽጽሩንም የምጽፈው ከዚያ በኩል ሆኜ ነው።

በመጀመሪያ የሕመሙን ስም ማረጋገጥ

በአማርኛ የቆዳ ሕመሞች ስም እርስ በርሱ የተደበላለቀ ነው። «ለምጽ» በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለሥጋ ደዌ የቀረበ ቃል ሲሆን፣ ዛሬ ግን ሐኪሞች ለምጽ የሚሉት ቀለም ሰጪ ሕዋሳት ጠፍተው በቆዳ ላይ ነጭ ምልክት የሚታይበትን፣ ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ የማይተላለፈውን ሕመም ነው። ለምጽ የወጣበት ቆዳ ስሜቱ አይጠፋም፤ ዓይንዎን ጨፍነው ሌላ ሰው በጥጥ ቢነካዎት ይሰማዎታል። የደነዘዘ ምልክት ካለ ግን ጉዳዩ የብርሃን ሕክምና ሳይሆን የሥጋ ደዌ ምርመራ ነው፤ ሥጋ ደዌ ደግሞ መድኃኒቱ በነጻ የሚሰጥና የሚድን ሕመም ስለሆነ፣ የሚጎዳው ሳይታከሙ መቆየቱ ነው። ቋቁቻም ቆዳን ያነጣል፤ እርሱ ፈንገስ ነው። ጭርትም ፈንገስ ሆኖ ሳለ ዳር ዳሩ ስለሚቀላና ስለሚቀረፍ ብዙ ሰው ችፌ መስሎት የቆዳን ቁጣ የሚያበርደውን የስቴሮይድ ቅባት ይቀባዋል፤ ማሳከኩ ለጥቂት ቀን ጋብ ብሎ ፈንገሱ ከሥር ይስፋፋል፤ ሐኪም ዘንድ ሲደርስም መልኩ ተለውጦ ለመለየት ያስቸግራል።

ስለዚህ ከማንኛውም ምርጫ በፊት የቆዳ ሐኪም ዓይን ያስፈልጋል። የጤና መድን ያለው ሰው መጀመሪያ በጤና ጣቢያው ካርድ አውጥቶ ሪፈር ይዞ መሄድ አለበት፤ ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ወጪውን ከኪሱ ይከፍላል። በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው፣ ዘነበ ወርቅ የሚገኘው አለርት ዛሬ ለማንኛውም የቆዳ ሕመም ሪፈር የሚጻፍበት ሆስፒታል ነው፤ ይሁንና የጥንቱ ስም ጥላው ስላልለቀቀው «ዘነበ ወርቅ ቀጠሮ አለኝ» ማለትን የሚያፍሩ ሰዎች አሁንም አጋጥመውኛል። እፍረቱ ቀጠሮ ካሳለፈ ዋጋው ውድ ነው።

ቅባቱ እስከ የት ያደርሳል?

የትኛውም ሕክምና በቅባት ይጀምራል፤ ጥቂት ቦታ ብቻ ለያዘ ሕመምም እዚያው ቢያበቃ የሚሻል ነው። ለሶርያሲስ ጠንካራ ስቴሮይድ የሆኑት ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል፣ ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ ከሳሊሲሊክ አሲድ ጋር የተቀላቀለ ቅባት፤ ለችፌ እንደ ክብደቱ ከሃይድሮኮርቲዞን እስከ ሞሜታዞን፤ ለፊት ለምጽ ደግሞ ቆዳ የማያሳሳው ታክሮሊመስ ይታዘዛል። ቫዝሊን በሁሉም ውስጥ አለ፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻ የሚናቅ መድኃኒት ነው፤ ገላን ታጥቦ ቆዳው ሳይደርቅ በሦስት ደቂቃ ውስጥ መቀባት ግን የችፌን ማሳከክ በእጅጉ ያስታግሳል።

ቅባት መቼ እንደማይበቃ ለማወቅ ቀላል ስሌት አለ። ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ከቲዩብ ተጨምቆ የሚወጣው ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን፣ የሁለት መዳፍ ስፋት ያለው ቆዳ ይሸፍናል። የአንድ ሰው መዳፍ ከነጣቶቹ የገላውን አንድ ከመቶ ያህል ነው። እንግዲህ ሕመሙ የገላዎን 10 ከመቶ ከያዘ፣ ለአንድ ጊዜ 2.5 ግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከሆነ 5 ግራም ያስፈልጋል፤ ባለ 15 ግራሙ ቲዩብ በሦስት ቀን ያልቃል፣ በወር 10 ቲዩብ ማለት ነው። እኔ ለሁለት ዓመት ያህል በወር አንድ ቲዩብ እየገዛሁ «ቅባቱ አልሠራልኝም» ስል ኖሬአለሁ፤ ያልሠራው ቅባቱ ሳይሆን የእኔ ቁጠባ ነበር። የሐኪሞች መመሪያም ሶርያሲስ ከ10 ከመቶ በላይ ሲሆን፣ ወይም እጅን፣ እግርን፣ ፊትንና ብልትን ይዞ ኑሮን ሲያውክ፣ ወደ ብርሃን ወይም ወደ ሚዋጥ መድኃኒት መሻገርን ይመክራል።

በዚህ ረገድ የከተማችን ችግር ቅባቱን አሳንሶ መቀባት ብቻ አይደለም። ክሎቤታሶል ያለ ማዘዣ ከሚሸጥበት ሱቅ ተገዝቶ ፊት ለማቅላት ለወራት ይቀባል፤ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታይበታል፣ ቅባቱ ሲቆም ፊቱ ይቃጠላል። ጠንካራው ስቴሮይድ ፊት ላይና በብብት ውስጥ የሚውል አይደለም፤ በሌላውም ቦታ ሐኪሙ ከወሰነው ሳምንት ማለፍ የለበትም።

ብርሃኑ ምን ያደርጋል?

ብርሃን መድኃኒት መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዴንማርካዊው ኒልስ ፊንሰን የቆዳ ቲቢን በብርሃን በማከሙ በ1903 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ግን «ናሮው ባንድ ዩ.ቪ.ቢ.» የሚባለው፣ ክልሉ ጠባብ የሆነ የአልትራቫዮሌት ጨረር ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሶርያሲስን የሚያድነው የጨረር ክልል ከ296 እስከ 313 ናኖሜትር (የጨረር ሞገድ ርዝመት መለኪያ) ያለው መሆኑን፣ ከዚያ አጠር ያሉት ጨረሮች ግን ሳያድኑ እንደሚያቃጥሉ አሳየ፤ ከዚያ በኋላ 311 ናኖሜትር አካባቢ ብቻ የሚያበሩ ዘንግ መብራቶች ተሠሩ። ይህ ጨረር በቆዳው ውስጥ አለቅጥ የተቆጡትን የመከላከያ ሕዋሳት ያበርዳል፤ በለምጽ ደግሞ በጸጉር ሥር የተረፉትን ቀለም ሰጪ ሕዋሳት ቀስቅሶ ወደ ላይ ያወጣቸዋል። ለምጽ ሲድን ቀለሙ በነጩ መሀል እንደ ተበተነ ጤፍ ነጥብ ነጥብ ሆኖ የሚጀምረው ለዚህ ነው፤ ጸጉሩ ራሱ የነጣበት ቦታ፣ እንዲሁም ጸጉር የሌለበት የጣት ጫፍ፣ እምብዛም የማይመለሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መሣሪያው ትልቅ ቁም ሣጥን ይመስላል። ውስጡ ዙሪያውን ከላይ እስከ ታች ረጃጅም ፍሎረሰንት መብራት ተደርድሯል፤ በር አለው፣ ከላይ ማራገቢያ ያንጎራጉራል። ታካሚው ልብሱን አውልቆ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ወንድ ከሆነ ብልቱን ሸፍኖ መሀል ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው ዙር አንድ ደቂቃ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ እኔ ገና መቆሜን ሳስተካክል መብራቱ ጠፍቶ «አለቀ፣ ይውጡ» ስባል መብራት የሄደ መስሎኝ ነበር። መጠኑ የሚለካው በሚሊጁል ነው፤ በብዙ መመሪያ ለሶርያሲስ በጣም ጥቁር ለሆነ ቆዳ በ400 ሚሊጁል በካሬ ሴንቲሜትር ተጀምሮ በየዙሩ በጥቂቱ ይጨመራል፤ ለለምጽ ግን የነጣው ቆዳ ራሱን የሚከላከልበት ቀለም ስለሌለው የቆዳው ዓይነት ምንም ይሁን ምን በ200 አካባቢ ይጀመራል። እያንዳንዱ መጠን በካርድ ላይ ይጻፋል፤ ያንን ካርድ በስልክዎ ፎቶ አንስተው መያዝ ብልህነት ነው፤ የጠፋ ካርድ ማለት ከመጀመሪያው መጀመር ማለት ነውና።

አንድ ቀን ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ የነበሩት አዛውንት ሲገቡ ሲስተሯ ክንዳቸውን ዳሰስ አድርጋ ቆመች።

«አባባ፣ ዛሬ ምን ተቀብተው ነው የመጡት?»

«ኧረ ምንም አይደል ልጄ፣ ቅቤ ነው። ቆዳዬ ደርቆብኝ።»

በዚያ ቀን አልገቡም። ወፍራም ቅባት ጨረሩን አግዶ መጠኑን ያዛባል፤ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ደግሞ ጨረሩን ራሱ ይውጠዋል። ስለዚህ ታዝዞ ካልሆነ በቀር ከብርሃኑ በፊት ምንም አይቀቡም፤ ቅባቱ ከብርሃኑ በኋላ ይመጣል። አዛውንቱ ከአያት ድረስ መጥተው እንደ ነበር ሲናገሩ የሰማሁት በኋላ ነው፤ ይህንን በመጀመሪያው ቀን የሚነግር አንድ ወረቀት ቢሰጣቸው ኖሮ መንገዱ ባልባከነም ነበር።

ለእኛ ቆዳ ተለይቶ መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። የሕክምናው መጽሐፍ «ቆዳው ቀልቶ ነበር ወይ?» ተብሎ እንዲጠየቅ ያዛል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቃጠሎ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ መሰል ይሆናል፣ ሲነኩት ይሞቃል፣ ሸሚዝ ሲነካው ያማል። «አልቀላም» ብለው ብቻ አይለፉት፤ «ማታ አቃጥሎኛል» ይበሉ፣ መጠኑ በዚያ ይወሰናልና። ከዚህም ሌላ ጤናማው ቆዳ በብርሃኑ ይጠቁራል። ለምጽ ያለባት ሙሽራ ሠርጓ ሁለት ወር ሲቀረው ብርሃን ብትጀምር፣ ነጩ ገና ሳይሞላ ዙሪያው ጠቁሮ ምልክቱ ከበፊቱ ይልቅ ጎልቶ ሊታይባት ይችላል። ይህ የሚያልፍ ነገር ቢሆንም አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ሕክምናውን ያቆማል።

ጊዜውም ለየቅል ነው። ለሶርያሲስ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በጠቅላላው ከ20 እስከ 36 ዙር ያህል ይበቃል፤ ይህም ከሁለት እስከ ሦስት ወር ነው። ለለምጽ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሆኖ፣ ስድስት ወር ሳይሞላ «አልሠራም» አይባልም፤ ለውጥ ካለም እስከ ዓመት ይቀጥላል። ፊትና አንገት ቀድመው ይመለሳሉ፣ እጅና እግር ይዘገያሉ። ለችፌ የሚሆነው ረግቶ ለቆየው እንጂ እርጥብ ሆኖ ለቆሰለው አይደለም፤ ቁስሉ ካመረቀዘ መጀመሪያ እርሱ ይታከማል፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሙቀትም አንዳንዱን ያሳክከዋል። ሶርያሲስ በጠራበት ሁሉ ተመልሶ እንደሚመጣ አስቀድሞ መቀበል ያስፈልጋል፤ የእኔ ሁለተኛው ሙከራ በ34ኛው ዙር አብቅቶ ለስምንት ወር ያህል ጀርባዬ ንጹሕ ነበር፣ እኔም በዚያ እርካታዬ ሙሉ ነው።

እርጉዝ ሴት ኪኒኑን መውሰድ በማትችልበት ጊዜ ይህ ብርሃን ይፈቀድላታል፤ ልጅም ብቻውን ዓይኑን ሸፍኖ መቆም ከቻለ ይገባል። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ሰውነትን ራሱን የሚያጠቃበት ሕመም) ያለበት ሰው ወይም ከልጅነቱ ጀምሮ ፀሐይ ቆዳውን የሚያቃጥል በዘር የሚወረስ ሕመም ያለበት ግን አይገባም። የቆዳ ካንሰር የነበረበት፣ እንዲሁም ቆዳን ለብርሃን የሚያስቆጣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ወይም ለደም ግፊት የሚታዘዘውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ከመጀመሩ በፊት መናገር አለበት።

ፑቫን ለምን ሁለተኛ አደርገዋለሁ?

ፑቫ የሚባለው ሶራሌን የተሰኘ ኪኒን ተውጦ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ዩ.ቪ.ኤ. በሚባለው ጨረር ውስጥ የሚቆምበት ሕክምና ነው። ሶራሌን በናይል ዳር ከሚበቅል ተክል ፍሬ የሚገኝ ሲሆን፣ ግብፃውያን ሐኪሞች በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ለለምጽ ተጠቅመውበታል፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለሶርያሲስ በሰፊው ታወቀ። ለወፍራም ሶርያሲስ ጉልበቱ ከናሮው ባንድ አይተናነስም፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ሆኖም ኪኒኑ ያቅለሸልሻል፣ ለእርጉዝና ለሕፃን አይሆንም፣ ከ200 ዙር በላይ ሲሄድ በነጭ ቆዳ ላይ የቆዳ ካንሰርን ማብዛቱ ተረጋግጧል።

ለአዲስ አበባ ሰው ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ኪኒኑ ከተዋጠ በኋላ ቆዳውም ዓይኑም ለአንድ ቀን ያህል ለብርሃን የተጋለጠ ሆኖ ይቆያል። ከተማችን በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብም 9 ዲግሪ ብቻ ርቃ ያለች ናት፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 ከመቶ ያህል ይጨምራል። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ከክሊኒክ ወጥቶ ለገሀር ላይ የታክሲ ሰልፍ የሚጠብቅ የፑቫ ታካሚ ሁለተኛ መጠን እየወሰደ ነው ማለት ይቻላል። ታክሲው ውስጥ ቢገባም ዩ.ቪ.ኤ. የመኪናውን የጎን መስተዋት አብዛኛውን ያልፋል። ስለዚህ ፑቫ የታዘዘለት ሰው ቀጠሮውን ወደ ማምሻው ቢያደርግ፣ ረጅም እጅጌ ቢለብስ፣ ዩ.ቪ. የሚከላከል መነጽሩን 24 ሰዓት ያህል ፀሐይ ባለበት ባያወልቅ ይገባዋል። እጅና እግር መዳፉ ብቻ ለታመመ ሰው ሶራሌኑን ውኃ ውስጥ በጥብጦ በመንከር የሚሰጠው ዓይነት ከዚህ ሥጋት አብዛኛውን ያስቀራል፤ የተነከረውን ቆዳ ግን ከፀሐይ መሸፈን ነው።

በነገራችን ላይ ጤና አዳምም ውስጡ ሶራሌን መሰል ቅመም አለበት። ለምጽ ላይ ጤና አዳም ወይም ሎሚ አሽቶ ፀሐይ መሞቅ በሰፈር የሚመከረው ከባዶ ተነሥቶ አይደለም፤ የፑቫ የሩቅ ዘመድ ነው። ልዩነቱ መጠኑን የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው፤ ውኃ ቋጥሮ የተላጠ ቆዳ ደግሞ ለምጹን ይበልጥ የሚያስፋፋበት ጊዜ አለ። ሶርያሲስም እንዲሁ በተላጠና በተፋቀ ቦታ ላይ አዲስ ይወጣል።

ኤክሳይመር የሚባለው 308 ናኖሜትር መብራት በእጅ ተይዞ የታመመውን ቦታ ብቻ የሚመታ ነው። ጥቂት ምልክት ላለው፣ በተለይ ፊት ላይ ለወጣ ለምጽ፣ ጤናማው ቆዳ ስለማይጠቁር ጥሩ ምርጫ ነው፤ ጀርባ ሙሉ ለያዘ ሕመም ግን ጊዜውም ክፍያውም አያዋጣም።

ፀሐይና ከሱቅ የሚገዛ መብራት

«ብርሃን ከሆነ ፀሐይ በነጻ አለ» የሚለው ክርክር ከፊሉ እውነት ነው፤ ፀሐይ ዩ.ቪ.ቢ. አላት። ነገር ግን ከሚያድነው ጋር የሚያቃጥለውም አብሮ ይመጣል፣ መጠኑ በሰዓቱና በደመናው ይለያያል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ደግሞ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይወጣ ይችላል። ሐኪም ደቂቃውን ወስኖ ካዘዘው ጥሩ፤ ቢሮ ውስጥ በመስኮት በኩል መሞቅ ግን ዋጋ የለውም፤ መስተዋት ዩ.ቪ.ቢ.ን ያግደዋልና።

በውበት ሳሎን የሚታየው ቀይና ሰማያዊ መብራት አልትራቫዮሌት አይደለም፤ ሶርያሲስንም ለምጽንም አያክምም። ጥፍር የሚያደርቀው መብራት ዩ.ቪ.ኤ. ነው፤ ያለ ሶራሌን ለለምጽ የሚያደርገው ነገር የለም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ በኮሮና ጊዜ ተሕዋስ ለመግደል የገባው 254 ናኖሜትር ዩ.ቪ.ሲ. መብራት ነው፤ «ዩ.ቪ. ነው» ተብሎ ለቆዳ የተጠቀመበት ሰው ዓይኑንም ቆዳውንም ያቃጥላል። በእጅ የሚያዝ እውነተኛ ባለ 311 መብራት ከውጭ ማስመጣት ከክሊኒክ ርቀው ለሚኖሩ ሰዎች መፍትሔ ሊሆን ይችላል፤ በሐኪም መጠን ተወስኖ፣ መነጽሩ አብሮ መጥቶ፣ በየወሩ ሐኪም ካየው ብቻ።

ኪኒኑና መርፌው

ሜቶትሬክሴት ለሰፊ ሶርያሲስ፣ በተለይ መገጣጠሚያም ለሚያመው ሰው፣ ከብርሃን የተሻለ ነው፤ ብርሃን መገጣጠሚያ አያክምምና። መንገዱም ቀላል ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይዋጣል። ነገር ግን ትልቁ አደጋ ከዚሁ ቅለት ይመነጫል፤ በየቀኑ የዋጠው ሰው መቅኔው ተጎድቶ ሊሞት ይችላል። ቀኑን ለይተው በካርቶኑ ላይ በትልቁ «ሰኞ ብቻ» ብለው ይጻፉበት፤ የሚውጡት እናትዎ ከሆኑ ደግሞ ኪኒኑን ራስዎ ቆጥረው ይስጧቸው። ፎሊክ አሲድ በሌላ ቀን ይጨመራል። የደም፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ከመጀመሩ በፊት፣ መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ በየ2 ወይም 3 ወሩ ይደረጋል፤ የኪኒኑን ዋጋ ብቻ አይተው ርካሽ ነው የሚሉ ሰዎች የላቦራቶሪውን ይረሱታል። ለእርጉዝና ለማርገዝ ለምታስብ ሴት ፈጽሞ ክልክል ነው። መጠጥ መቆም አለበት፤ ሐኪሙ «አልኮል ይጠጣሉ?» ሲል «አልጠጣም፣ ጠላ ብቻ» የሚል መልስ ተደጋግሞ ይሰማል፤ ጠላም ጠጅም አልኮል ነው።

ባዮሎጂክ የሚባሉት፣ የሰውነት መከላከያን አንድ ክፍል ለይተው የሚያግዱ መርፌዎች ጉልበታቸው ከሁሉ ይበልጣል፤ ዋጋቸውም እንደዚያው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ መቀመጥ አለባቸው፤ የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳን ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉም ያለ ምርመራ አይጀመሩም። «የአለርጂ መርፌ» እየተባለ የሚወጋው ስቴሮይድ ግን ለሶርያሲስ ምርጫ ውስጥ አይገባም፤ በሳምንቱ ያጠራና ሲያልቅ ከበፊቱ ብሶ፣ አንዳንዴም መግል ቋጥሮ፣ ይመለሳል።

መንገዱን መቁጠር

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልመለስ። መጀመሪያ የጀመርሁበት ክሊኒክ ከቢሮዬ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ይፈጅ ነበር። በሳምንት ሦስት ጊዜ ለ12 ሳምንት 36 ዙር ነው፤ 36 ጊዜ ሁለት ሰዓት 72 ሰዓት ይሆናል፤ ዘጠኝ የሥራ ቀን ማለት ነው፣ ለአንድና ለሁለት ደቂቃ ብርሃን። በሦስተኛው ሳምንት ስብሰባ መጣ፣ በአምስተኛው ፋሲካ፣ ከዚያ ለቅሶ። ከአራት እስከ ሰባት ቀን የቀረ ሰው ባለፈው መጠን ይቀጥላል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ከቀረ መጠኑ በ25 ከመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ከሆነ በግማሽ፤ ከዚያ ካለፈ እንደ አዲስ ይጀመራል። እኔ አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ ስል ሁለት ወር ከግማሽ ከርሜ ቆዳዬ እንደ ነበረ ቀረ።

ለሁለተኛው ጊዜ ከሕክምናው በፊት ቦታውን መረጥሁ። በመሀል ከተማ፣ ከስታዲየም እስከ ፒያሳ ባለው፣ በእግር ወይም በአንድ ታክሲ የሚደረስ ቦታ ከሩቁ በዋጋ ቢበልጥም፣ የታክሲውና የጠፋው ሰዓት ሲደመር ልዩነቱ ጠባብ ሊሆን ይችላል፤ ክፍያው በየዙሩ ከሆነ ዋጋውን ሲጠይቁ ወዲያው በ36 ያባዙት። ጦር ኃይሎች ድረስ በባቡር ሄዶ በታክሲ ዘነበ ወርቅ ለሚደርስ ሰው አለርት የሚያስፈራ ርቀት አይደለም፤ ከአራት ኪሎ ለሚነሣ ግን ሌላ ነው። ጥቁር አንበሳ ለመሀል ከተማ ሰው ቅርብ ቢሆንም ወረፋውን አስልቶ መሄድ ያስፈልጋል።

ካርድ ከማውጣትዎ በፊት ስልክ ደውለው የሚጠይቁት አለ። መሣሪያው ናሮው ባንድ ነው ወይስ ፑቫ? የመብራቶቹ ጉልበት በመለኪያ የታየው መቼ ነው? መብራቶቹ በሠሩ ቁጥር ይደክማሉና፣ ያልተለካ መሣሪያ በካርዱ ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ውሸት ያደርገዋል፤ በመጀመሪያው ክሊኒክ ይህን ጠይቄ «ይበራል እኮ» ብለውኛል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ለሣጥኑ ይበቃል ወይ? ከሥራ በፊት ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ያስተናግዳሉ ወይ? ቅዳሜ ይሠራሉ? የቆዳ ሐኪም በየስንት ጊዜው ያየኛል? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሌለው ቦታ መብራት ያከራያል እንጂ አያክምም።

እንግዲህ ሳስቀምጠው፦ ምልክቱ ከጥቂት መዳፍ የማይበልጥ ሰው በቅባት ይቆይ፣ ግን በበቂው መጠን። ሰፊ ሶርያሲስ ወይም የሚስፋፋ ለምጽ ያለበት፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚደርስበት ቦታ ያለው ሰው ናሮው ባንድን ይምረጥ፤ እርጉዝም ከሆነች ከእርሱ የተሻለ የላትም። መገጣጠሚያው የሚያመው፣ ወይም ሥራው በየሳምንቱ ክፍለ ሀገር የሚያስወጣው ሰው ብርሃኑን ጀምሮ ከሚያቋርጥ ምርመራውን እየተከታተለ ኪኒኑን ቢወስድ ይሻለዋል።

የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከጸበልና ከሰፈር ቅጠል ጋር ሳይቀር፣ በወረቀት ጽፎ መሄድ ሐኪሙን ይረዳዋል፤ ጸበሉን የሚቆጣ ሐኪም አላጋጠመኝም፣ የተደበቀውን ቅጠል የሚቆጣ ግን አጋጥሞኛል። ከመጀመሪያው ዙር በፊትና በየአራት ሳምንቱ፣ በአንዱ መስኮት አጠገብ፣ በአንድ ሰዓት፣ የታመመውን ቦታ ፎቶ ያንሡ። በመስታወት በየቀኑ የሚታይ ጀርባ ለውጡን አያሳይም፤ እኔ በ15ኛው ዙር ላይ ልተወው አስቤ የቆየሁት የመጀመሪያውን ፎቶ ከፍቼ ቅርፊቱ ምን ያህል እንደ ነበረ ስላየሁ ነው።